ታወሩ ጣሪያችን ላይ ይውጣ ወይስ ይቅር? የቱሉ ዲምቱ ጎረቤታሞች ክርክር

የኮሚቴው ጸሐፊ
ጤና ይስጥልን ጎረቤቶች። አንድ የቴሌኮም ድርጅት የብሎካችንን ጣሪያ ተከራይቶ የኔትወርክ አንቴና መትከል ይፈልጋል። ኪራዩ ወደ ጋራ ገንዘባችን ይገባል። ጣሪያው የሁላችንም ስለሆነ ኮሚቴው ብቻውን አይወስንም። ቅዳሜ ጠዋት ስብሰባ አለ። ከዚያ በፊት ሐሳባችሁን እዚሁ በግልጽ ጻፉ።

የአራተኛ ፎቅ እናት
እኔ አልስማማም። አንቴናው የሚቆመው ከልጆቼ አልጋ በላይ ነው። ታላቅ እህቴን በካንሰር ነው የቀበርኳት። ፊዚክስ አልተማርኩም፤ ግን አንድ ነገር ይገባኛል። ድምፅ አየር ከሌለ አይሄድም ይባላል። ይሄ ሞገድ ግን አየር ሳያስፈልገው ከሳተላይት ድረስ ይመጣል። ባዶውን ሰንጥቆ የሚመጣ ነገር የእኔን ኮርኒስ ማለፍ ያቅተዋል? የልጄን ጭንቅላትስ?

ምድር ላይ ያለው ባለሱቅ
እትዬ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። እኔ ግን ደንበኛ በስልክ ልክፈል ባለኝ ቁጥር አብሬው አስፋልት ዳር ወጥቼ ኔትወርክ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን ሌሊት ምጥ ያዛት። ባሏ መኪና ለመጥራት ስልኩን ይዞ ደረጃ ለደረጃ ሲሮጥ አይቻለሁ። መስመር ያገኘው አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ነው። እኛ ከከተማ ዳር ነን። መንገዱም መብራቱም ዘግይቶ ነው የደረሰን። ይሄም ይዘግይ እንዴት እላለሁ? ይውጣ።

የፊዚክስ መምህር
የእትዬን ጥያቄ ዘለን ብናልፍ ነውር ነው። የነገሩ ሥር እሱ ነው።

ለተማሪዎቼ ይህን ሳስተምር አንድ ስልክ ወፍራም የመስታወት ገንቦ ውስጥ አስቀምጣለሁ። አየሩን በእጅ ፓምፕ እየሳብኩ ከሌላ ስልክ እደውላለሁ። መጀመሪያ ጥሪው ይሰማል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ድምፁ እየቀጠነ ይጠፋል። ስክሪኑ ግን ቦግ እንዳለ ነው። የደዋዩ ስም ይነበባል። ሦስት ሞገዶች በአንድ ገንቦ ውስጥ ማለት ነው። ድምፁ ቀረ፣ የስክሪኑ ብርሃን ወጣ፣ ጥሪውን ያመጣው የሬዲዮ ሞገድም ገባ።

ድምፅ ግፊያ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላ የተገፋ ሰው የፊቱን እንደሚገፋው አየርም እንዲሁ ይገፋፋል። ሰልፉ ከሌለ ግፊያው አይተላለፍም። ብርሃንና ሬዲዮ ሰልፍ አያስፈልጋቸውም። የኤሌክትሪክ መስክ ሲለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ይወልዳል፤ መግነጢሳዊውም ሲለዋወጥ መልሶ ኤሌክትሪኩን ይወልዳል። እንዲህ እየተዋለዱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ። የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል ይህን በ1865 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ጻፈው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ኸርዝ በሙከራ አሳየው። የዚያ ዘመን ሊቃውንትም «ታዲያ በምን ላይ ነው የሚሄደው?» ብለው ተጨንቀዋል። ሕዋውን ሁሉ የሚሞላ ኤተር የሚባል ነገር አለ ብለው አስበው ነበር። በ1887 እ.ኤ.አ. ማይክልሰንና ሞርሊ በጥንቃቄ ለክተው የኤተሩን ምልክት አጡት።

ስለዚህ እትዬ፣ ባዶውን ማለፉ የጉልበት ምልክት አይደለም። ባዶው ለእሱ ሜዳ ነው። የሚከብደው ግድግዳ ነው። ሱቁ ውስጥ ኔትወርክ የማይገባው በኮንክሪቱና በቆርቆሮው ምክንያት ነው። ስልክዎን በአሉሚኒየም ፎይል ጥቅልል አድርገው ቢደውሉበት አይጠራም። አንቴናውም ሞገዱን የሚልከው ወደ ሩቅ ነው። የእጅ ባትሪ ሲበራ እጀታው ጨለማ ውስጥ እንደሚቀር ሁሉ፣ ከሥሩ ያለው ቤት የሚደርሰው ትንሹ ነው።

የማታ ተማሪ
እኔም ልጨምር። ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ከ41 ገደማ ላይ የስበት ሞገድ፣ ማለትም የሕዋው የራሱ እርግብግቢት፣ ምድርን አቋርጦ አልፏል። ሁለት የሞቱ ከዋክብት ተጋጭተው የላኩት ነው። 130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዟል። ከ1.7 ሰከንድ በኋላ የጋማ ብርሃን ተከተለው። ሁለት ዓይነት ሞገድ፣ ያን ያህል ባዶ መንገድ፣ ልዩነታቸው ግን 1.7 ሰከንድ ብቻ! የስበት ሞገዱ ቱሉ ዲምቱ ያለን ሰዎችንም አልፎናል፤ ማንም አልተሰማውም። ያለፈ ነገር ሁሉ ይጎዳል ማለት አይደለም። የሚጎዳው ሰውነት ውስጥ ቀርቶ ጉልበቱን የሚያራግፍ ነው።

የአራተኛ ፎቅ እናት
ጥሩ። ታዲያ የስልክ ሞገድ ሰውነት ውስጥ ይቀራል ወይስ አይቀርም? ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ብሎ መድቦታል ሲባል ሰምቻለሁ። ሐሰት ነው?

የፊዚክስ መምህር
ሐሰት አይደለም። «2ቢ» የሚባለው ምድብ ነው፤ ማስረጃው ውስን ነው፣ ግን ዝም አይባልም ማለት ነው። ቡናም በፊኛ ካንሰር ተጠርጥሮ ከ1991 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. እዚያው ምድብ ውስጥ ነበር። በኋላ ወጥቷል።

የስልክ ሞገድ ከፊሉ ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ሲቀር የሚያደርገው ማሞቅ ነው። የሴልን ውስጥ የሚሰብሩት አልትራቫዮሌት፣ ኤክስሬይና ጋማ ናቸው። አንዷ የአምፖል ብርሃን ቅንጣት እንኳ ከአንዷ የ900 ሜጋኸርዝ የስልክ ሞገድ ቅንጣት በጉልበት በግማሽ ሚሊዮን እጥፍ ገደማ ትበልጣለች። ለሕዝብ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ወሰን በዚያ ፍሪኩዌንሲ በካሬ ሜትር 4.5 ዋት ነው። የቀትር ፀሐይ 1,000 ዋት ገደማ ታወርድብናለች። ደግሞ ኔትወርክ ሲደክም ስልኩ ራሱ ጉልበት ይጨምራል። ባትሪው ቶሎ የሚያልቀውም ለዚህ ነው። ጆሮአችን ላይ የምንለጥፈው ደግሞ ስልኩን ነው።

የአራተኛ ፎቅ እናት
መምህር፣ ስላስረዱኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቡናን ግን እኔ መርጬ ነው የምጠጣው። ጣሪያዬ ላይ የሚቆመውን ማን መረጠልኝ?

የኮሚቴው ጸሐፊ
ይህ ትክክል ነው። ቅዳሜ የምንሰበሰበውም ለዚህ ነው።

ታወር ካለበት ብሎክ
የእናንተ ነዋሪ ባልሆንም ልናገር። እኛ ጣሪያ ላይ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አለ። ስለ ጨረሩ ስትከራከሩ አንድ ነገር ረስታችኋል፤ ጀነሬተሩን። መብራት በሄደ ቁጥር ከላያችን ይነሳል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ረከቦቱ ላይ ያሉት ስኒዎች እርስ በርስ ይንጫጫሉ። እጄን ግድግዳው ላይ ሳደርግ ይንዘረዘራል። አንድ ዓመት የሞላት ልጃችን እየባነነች ታለቅሳለች። የናፍጣው ጭስ በደረጃው ወርዶ ቤት ይገባል። አቤት ብለናል፤ ውሉ ላይ ስለ ጀነሬተር የተጻፈ የለም ተባልን። ኪራዩ ላይ ስንከራከር ይህን ማንም አላነበበውም።

የፊዚክስ መምህር
ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ስለማይሰማው ሞገድ ያን ሁሉ ጽፌ የሚሰማውን ረሳሁት።

ስለ ገንቦው ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ስልኩን በቀጥታ ወለሉ ላይ ካስቀመጥኩት አየሩ ወጥቶም ድምፁ አይጠፋም። በወለሉ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ከሥሩ ስፖንጅ ሳነጥፍ ነው ዝም የሚለው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በኮንክሪት ውስጥ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ። ጣሪያው ላይ የተተከለ ጀነሬተር ሕንፃውን በሙሉ ከበሮ ያደርገዋል።

እኔ አንቴናው ይውጣ ባይ ነኝ። ነገር ግን ጀነሬተሩ መሬት ላይ፣ ከመስኮት ርቆ፣ ጎማ ተነጥፎለት ይሁን፤ አለዚያ በባትሪ ይሥሩ። አንቴናው ሥራ ሲጀምር ጨረሩ እትዬ ቤት ውስጥ ተለክቶ ቁጥሩ በወረቀት ይሰጣቸው። ጣሪያው ክብደቱን መቻሉንም መሐንዲስ ይፈርምበት። ይህ ሁሉ ውሉ ውስጥ ካልገባ እኔም እቃወማለሁ።

ምድር ላይ ያለው ባለሱቅ
ጀነሬተሩ መሬት ላይ ከሆነ እኔ ሱቅ ጀርባ ነው የሚመጣው። ከውኃ ሮቶው ማዶ ይሁን ካላችሁ እሺ።

የአራተኛ ፎቅ እናት
መምህር፣ ቅዳሜ ያንን ገንቦና ፓምፕ ይዘው ይምጡ። ልጆቼንም አመጣቸዋለሁ፤ በዓይኔ ልየው። ድምፄን የምሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ልኬቱ ግን እኔ ቤት፣ ልጆቼ አልጋ አጠገብ ይሁን። ጸሐፊ፣ ይህችን ዛሬውኑ ውሉ ረቂቅ ላይ ይጻፉልኝ።