ለወላጅ ተወካይነት ለመወዳደር ምን ያስፈልጋል?

ጠያቂ (የሁለት ተማሪዎች እናት፣ ድሬዳዋ ሳቢያን)፦
ልጆቼ በሚማሩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ምርጫ ሊካሄድ ስለሆነ ለመወዳደር አስቤአለሁ፤ ይሁን እንጂ ኅብረቱ ከቀበሌ የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ በምን እንደሚለይ ግልጽ አልሆነልኝም። የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል መሆኑስ እንቅፋት ይሆንብኝ ይሆን?

ጡረታ የወጡ መምህር፦
እኅቴ፣ የሁለቱንም አሠራር ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ባወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ውስጥ ያገኙታል። ቦርዱ በቀበሌው ያሉትን ትምህርት ቤቶች በጠቅላላ ሲመለከት፣ ኅብረቱ ግን የአንዱን ትምህርት ቤት የዕለት ተዕለት ጉዳይ፣ ማለትም የተማሪዎችን መቅረትና ማቋረጥ፣ የመምህራንን ሥነ ምግባር፣ የወላጆችን መዋጮና የበጀቱን አጠቃቀም ከርእሰ መምህሩ ጋር ይከታተላል። የትምህርት ደረጃዎ አያሳስብዎ፤ በእኔ እምነት ቃለ ጉባኤ ሳያነብ የማይፈርም ሰው ከባለዲግሪ ይበልጣል።

የቀድሞ የኅብረት አባል (ሐረር)፦
መምህር ያሉት ትክክል ነው። በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ የሚመጣውን የድጎማ ገንዘብ በተለይ ይከታተሉ። ዴስኮች ተጠገኑ የሚል ደረሰኝ ሲቀርብልዎ፣ ከመፈረምዎ በፊት ወደ ክፍሎቹ ገብተው በእጅዎ እየነቀነቁ ይቁጠሯቸው፤ አዲስ ምስማርና አዲስ ጣውላ ሳያዩ አይመኑ።

የመልካ ጀብዱ ወላጅ፦
እኔ የምጨምረው ስለ ስብሰባ ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱም ጫቱም ስላለ ሰው አይሟላም፤ ገበያ የሚውሉ እናቶችም ይቀራሉ። ቅዳሜ ጠዋት እንዲሆን ይጠይቁ፤ ንግግርዎንም በኦሮምኛና በሶማሊኛ የሚያስተረጉምልዎ ሰው ከወዲሁ ያዘጋጁ።