እናቴ ባሕር ዳር ታማብኛለች፣ ግሪን ካርዴ 10 ወር ቀርቶታል፤ ስምንት ወር ሄጄ ባስታምማት ምን ይከተላል?

የሽምብጧ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ በቀንና በቁጥር ንገሩኝ እባካችሁ።

ባሕር ዳር ሽምብጥ ያለችውን እናቴን ከሦስት ሳምንት በፊት ስትሮክ መታት። ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም፣ ንግግሯ ይጎተታል፣ ሰው ግን ታውቃለች። ደም ግፊት ነበረባት፤ ሲሻላት ኪኒኑን ታቆመው ነበር። አሁን ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ናት። የሚያስታምሟት ታናሽ እህቴና አንዲት የቤት ሠራተኛ ናቸው። እህቴ መምህርት ስለሆነች ቀን ቀን ቤት የለችም።

እኔ አሜሪካ የገባሁት በጋብቻ ነው። ባለቤቴ ዜጋ ነው፣ ከተጋባን ሁለት ዓመት አልፎናል። የሁለት ዓመቱ ግሪን ካርድ ከተሰጠኝ 14 ወር ሆነ። ትልቅ መጋዘን ውስጥ ሙሉ ሰዓት እሠራለሁ፣ ከተቀጠርሁ 13 ወር ሆነኝ። ልጅ የለንም።

ስምንት ወር ሄጄ ላስታምማት አስቤያለሁ። ባለቤቴ «ወረቀትሽ ይበላሻል፣ ትዳርም በስልክ አይሆንም» ይላል። ወንድሞቼ «እናት አንድ ናት፣ ወረቀት ይደርሳል» ይላሉ። የሁለቱም ቃል ልቤ ውስጥ ይገባል፤ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ስምንት ወር ብቆይ ምን ይከተላል? እሷን ወደዚህ ማምጣትስ ይቻላል? የባንክና የቤት ጉዳይዋንስ ማን ይያዘው?

ዓባይ ማዶ፦

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። ሂጂ፤ ነገር ግን ስምንቱን ወር በአንድ ጉዞ አታድርጊው። ለሁለት ክፈይው።

ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ከ180 ቀን በላይ ውጭ ከቆየ፣ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ሊመረመር ይችላል። ዓመት ካለፈ ደግሞ ካርዱ ብቻውን አያስገባም። ስምንት ወር 240 ቀን ግድም ነው። በዚያ ብቻ ካርድሽ አይወሰድም፣ ኑሮሽ አሜሪካ መሆኑን የማስረዳቱ ሸክም ግን አንቺ ላይ ይወድቃል። ዜግነቱም ይጎዳል። ዜጋ አግብቶ አብሮ የሚኖር ሰው በ3 ዓመት ማመልከት ይችላል፣ ፎርሙም ኤን-400 ይባላል፤ ከሦስቱ ዓመት ቢያንስ 18 ወር በአካል አሜሪካ መገኘት አለበት። ከ6 ወር ያለፈ አንድ ጉዞ ተከታታይ ነዋሪነቱን እንዳቋረጠ ይገመታል። በ6 ወር ውስጥ ያለቁ ሁለት ጉዞዎች ግን፣ ተደምረው ስምንት ወር ቢሆኑም፣ ይህን ግምት አያመጡም።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ አይ-751 የሚባለው፣ የሁለት ዓመቱን ካርድ ገደብ የሚያስነሣው ፎርም ነው። የሁለት ዓመት ካርድ ያለው ሰው ካርዱ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ይህን ፎርም ከባለቤቱ ጋር ፈርሞ ማስገባት አለበት። ላንቺ ጊዜው የሚከፈተው ከዛሬ 7 ወር በኋላ ነው። ቀድሞ የገባ ይመለሳል። ዘግይቶ የገባ በቂ ምክንያት ካልቀረበበት ነዋሪነትን ያሳጣል። ውጭ አገር ሆኖ ማስገባትን ሕጉ አይከለክልም፤ ግን የአሻራና የቃለ መጠይቅ ጥሪ የሚመጣው አሜሪካ ባለው አድራሻሽ በፖስታ ነው፣ ሲጠሩሽ መገኘት ግድ ነው። ጥሪው የቤታችሁ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ አንቺ ሽምብጥ ሆነሽ ቀኑ ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ አሁን ለ12 ሳምንት ሂጂ። ተመለሺ፣ የጋራ ማስረጃችሁን ሰብስቡ። 7ቱ ወር አልፎ ጊዜው እንደተከፈተ አይ-751 አስገቡ። የሚላክልሽ የደረሰኝ ደብዳቤ ካርድሽን ካበቃበት ቀን ጀምሮ ለ48 ወር ያራዝመዋል። የአሻራው ነገር እንዳለቀ ዋናውን ደብዳቤና ካርዱን አንድ ላይ ይዘሽ ሁለተኛውን ጉዞ ሂጂ። ደብዳቤውን በስልክ ፎቶ ማሳየት ቦሌ ላይ ሲሳፈሩ ጣጣ ያመጣል፤ ወረቀቱ ራሱ በእጅሽ ይሁን።

ሪኤንትሪ ፐርሚት (ውጭ ለሚቆይ ነዋሪ የሚሰጥ የመመለሻ ፈቃድ) አውጪ የሚልሽ ሰው አይጠፋም። እሱ የሚጠየቀው አሜሪካ ውስጥ ሆኖ በአይ-131 ፎርም ነው፣ ለአብዛኛው ሰው ሁለት ዓመት ያገለግላል። ላንቺ ግን አይ-751 የሚገባበትን ቀን አይሻገርም፤ የዜግነት ቆጠራውንም አያድንም። ገንዘብሽን ለትኬት አቆዪው።

12 ሳምንት ያልሁት በምክንያት ነው። 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው ቀጣሪ ዘንድ 12 ወር ያገለገለና ባለፈው ዓመት 1,250 ሰዓት የሠራ ሰው፣ በጠና የታመመ ወላጅ ለማስታመም በዓመት 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ፈቃድ በሕግ ይገባዋል። ሥራው ይጠበቅለታል፣ የጤና ኢንሹራንሱም አይቋረጥም። ኤፍኤምኤልኤ ይባላል። በወርሽም በሰዓትሽም ታሟያለሽ። ሕመምተኛዋ ኢትዮጵያ መሆኗ አይከለክልም፤ ባሕር ዳር ያከማት ሐኪም የሞላውን ማስረጃ ቀጣሪሽ መቀበል አለበት። በሌላ ቋንቋ ከተጻፈ ትርጉሙን ሲጠይቁሽ የምታቀርቢው አንቺ ነሽ። ቅጹን ከመሄድሽ በፊት ከሥራ ቦታሽ ተቀብለሽ ለእህትሽ ላኪላት። ሐኪሙ «ስትሮክ» ብሎ ብቻ እንዳይመልሰው፤ ከመቼ ጀምሮ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ምን ዓይነት እርዳታ እንደሚያስፈልጋት ይጻፍ። ቅጽ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ሦስቱ ባዶ ሲቀሩ ነው።

አስታማሚ ነርስ፦

ከላይ ያለው በወረቀት በኩል የነገረሽ በሕክምናውም በኩል ልክ ነው። ከስትሮክ በኋላ ሰውነት ፈጥኖ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። የምትሄጂ ከሆነ አሁን ሂጂ፤ ዘግይተሽ ከምታሳልፊያቸው ስምንት ወራት የአሁኖቹ 12 ሳምንታት ይበልጣሉ። ሄደሽም እንግዳ ስትቀበይ እንዳትከርሚ። ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላው፤ አንቺ ስትመለሺ የማይፈርስ የማስታመም ሥርዓት ትከይ።

ይህን ለእህትሽ ዛሬውኑ ንገሪያት፤ አንቺ እስክትደርሺ አይቆይም። እናትሽ በራሳቸው መገላበጥ ካልቻሉ፣ ሌሊቱን ጨምሮ በየ2 ሰዓቱ ጎን ይቀየርላቸው። መጎተት አይሆንም፣ ቆዳ ይልጣል። ጋቢ አራት እጥፍ አድርጎ ከትከሻ እስከ ዳሌ ሥራቸው ማንጠፍ፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ጫፉን ይዞ ማንሳት፣ ከዚያ ማዞር። ከባታቸው ሥር ትንሽ ትራስ ሆኖ ተረከዛቸው ፍራሽ አይንካ። ጀርባቸው ወይም ዳሌያቸው ላይ የቀላ ወይም የጠቆረ ቦታ ከታየ በጣት ተጫኑት፤ ሲለቁት ቀለሙ ያልተለወጠ ከሆነ ቁስሉ ጀምሯል። በዚያ ጎን ማስተኛት ይቁም። ቅቤ መቀባትና ማሸት ያባብሰዋል።

ምግብ ተኝተው አይቅመሱ። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ወደ ደረት ትንሽ ዝቅ አድርገው፣ በሻይ ማንኪያ፣ በደህናው በቀኝ ጉንጫቸው በኩል። ስትሮክ ለያዘው ጉሮሮ ቀጭን ውኃ ከወፈር ካለ አጥሚት ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ሲውጡ የሚያሳላቸው ከሆነ ወይም ከዋጡ በኋላ ድምፃቸው ውኃ እንደያዘ የሚያንቋርር ከሆነ፣ ምግቡ ወደ ሳንባ እየሄደ ሊሆን ይችላልና ለሐኪም ይነገር። ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይተኙ ይቆዩ። የግራ እጃቸውን ይዞ መሳብ ክልክል ነው፤ ትከሻ ከቦታው ይወጣል። የሠራተኛዋ ቅንነት እዚህ ላይ ነው ጉዳት የሚያመጣው፤ ለማንሳት የሚቀርባትን እጅ ትይዛለች።

ግፊቱ ጠዋትና ማታ፣ 5 ደቂቃ ካረፉ በኋላ፣ በቀኝ ክንዳቸው ይለካ። ደብተር ላይ ቀኑና ሁለቱም ቁጥሮች ይጻፉ፣ የገጹ ፎቶ በየእሑዱ ይድረስሽ። ዳታ በተቋረጠ ሰሞን በተራ ስልክ ቁጥሩን ያንብቡልሽ። ከአሜሪካ መድኃኒት ስትልኪ ተጠንቀቂ። አምሎዲፒን በሌላ የንግድ ስም ትልኪያለሽ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ከሐኪም የታዘዘ አምሎዲፒን አለ፣ የማሸጊያው ቀለም ስለሚለያይ ሁለቱንም ይሰጧቸዋል። ግፊቱ ይወርድና ሲነሡ ይወድቃሉ። ወይ ሙሉ በሙሉ ከዚያ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ከዚህ።

ጾሙ አለ። እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ የጠዋቱን ኪኒን ይዘሉታል፤ እህትሽ ብትቆጣቸው አይሰሙም። የንስሐ አባታቸው ቤት መጥተው «ሕመምተኛ ነሽ፣ ፈትቼሻለሁ» ይበሏቸው። ጠበሉም ከኪኒኑ ጋር እንጂ በኪኒኑ ፈንታ እንዳልሆነ እሳቸው ይንገሯቸው። ይህን ከቄስ አፍ ሲሰሙ ነው የሚቀበሉት።

አንዲት ሠራተኛ እንጀራ ጋግራ፣ ልብስ አጥባ፣ ሌሊት በየ2 ሰዓቱ ተነሥታ አትዘልቅም። በወሯ ትሄድባችኋለች። ከወንድሞችሽ «እናት አንድ ናት» ያለው የሌሊቱን ተራ በሳምንት ሁለት ቀን ይያዝ። አንቺ የምትልኪው ገንዘብ ለቀን አስታማሚና ቤት ድረስ ለሚመጣ ፊዚዮቴራፒስት ይሁን። ለክትትል ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ለአብዛኛው ሰፈር ይቀርባል፤ ጥበበ ግዮን በአዴት መንገድ ከከተማ ወጣ ስለሚል መኪና አዘጋጁ፣ በባጃጅ አታመላልሷቸው። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን አባል ከሆኑ መታወቂያው መታደሱን አረጋግጡ፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳይጽፉ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ ከኪስ ይከፈላል።

ውልና ማስረጃ፦

የባንኩንና የቤቱን ነገር እናትሽ ሰው እያወቁ፣ ቃላቸው እየተሰማ ሳለ ጨርሱት። አሁን ውክልና መስጠት ይችላሉ። ግራ ጎናቸው ስለሆነ የታመመው በቀኝ እጃቸው ይፈርማሉ፣ ካልሆነም አሻራ አለ። ውክልናውን ለአንቺ አይስጡ፤ ለእህትሽ ይስጡ፣ ባንክ የምትመላለሰው እሷ ናት።

ሰው የሚሳሳተው «ጠቅላላ ውክልና» የሚለውን ስም አምኖ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2203 እና 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚፈቅደው የማስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፦ ኪራይ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ የመሳሰለውን። ቤት መሸጥና ማስያዝ በ2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል፣ በግልጽ ካልተጻፈ አይሠራም። ለባንክም «ከሒሳቤ ገንዘብ እንድታወጣ» የሚለው ቃል በስሙ ይኑር፤ ከሌለ መስኮቱ ላይ ይመልሷታል።

እናትሽ አእምሯቸው ቢዳከምና ችሎታቸው በፍርድ ቤት ቢነሣ ውክልናው ይቀራል። ቢሞቱም እንዲሁ። ስለዚህ «ውክልና አለን» ብላችሁ ካርታውን፣ የግብር ደረሰኙንና የባንክ ደብተሩን ሳትሰበስቡ አትቀመጡ።

የአንቺ የራስሽ ውክልና ካስፈለገ ባሕር ዳር በአካል ሳለሽ ስጪ፤ አንድ ቀን ነው። ከአሜሪካ ከሆነ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይፈጸማል፣ ዋናው በፖስታ ይላካል፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ከፓስፖርትሽ አንዲት ፊደል የተለየች ከሆነ ተመልሶ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ዜግነት የምትለውጪበት ቀን ሲመጣ ይህን አስቢ፦ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን ይለቃል። በአዋጅ 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለ ቪዛ ያስገባሻል። ዜግነቱን እንደወሰድሽ ወዲያው አውጪው፤ እናት የታመመችበት ሰው ቪዛ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።

ግሽ ዓባይ፦

ስለማምጣቱ ጥያቄሽ። በግሪን ካርድ ወላጅ አይጠራም። ዜጋ ስትሆኚ በአይ-130 ፎርም ትጠሪያቸዋለሽ፤ የዜጋ ወላጅ የኮታ ወረፋ የለበትም፣ ለገቢ ዋስትናውም በአይ-864 ትፈርሚያለሽ። ያ ግን ቢያንስ ሁለት ዓመት ይርቃል። ቢመጡስ? 65 ዓመት የሞላው አዲስ ገቢ ሜዲኬር የተባለውን የአረጋውያን ጤና ኢንሹራንስ ለመግዛት እንኳ 5 ዓመት በተከታታይ መኖር አለበት። አንቺና ባለቤትሽ ሥራ ስትውሉ እናትሽ የማያውቁት ቋንቋ የሚናገር ቴሌቪዥን ፊት ለፊት፣ በክረምት፣ ብቻቸውን ናቸው። ሽምብጥ ላይ በር ሲከፈት ጎረቤት ይገባል። እንዲመጡ አታቅጂ፤ እንድትመላለሺ አቅጂ።

ለባለቤትሽ ደግሞ ፍትሐዊ ሁኚ። ለአይ-751 የሚያስፈልገው የእሱ ፊርማና አብሮ የመኖራችሁ ማስረጃ ነው፦ የሁለታችሁ ስም ያለበት የቤት ኪራይ ውል፣ የጋራ ባንክ፣ በጋራ የተሞላ ግብር፣ ኢንሹራንስ። ስትሄጂ ስምሽን ከምንም ላይ አታስወጪ፣ የስልክ መስመርሽንም አትዝጊ። ከ12ቱ ሳምንት ሁለቱን እሱ ቢመጣ እናትሽ አማቻቸውን ያያሉ፣ ትኬቱም ለፋይላችሁ ማስረጃ ይሆናል። ዓለም አቀፉን ትኬት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቆረጣችሁ የአዲስ አበባ–ባሕር ዳሩ በቅናሽ ይገኛል። በዚህ ጊዜ በዓባይ በረሃ በመኪና አትምጡ።

የሽምብጧ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ቅጹን ነገ ከሥራ ቦታዬ እጠይቃለሁ፣ የጋቢውን ነገር ለእህቴ አሁን ደወልሁላት። አንድ የምፈራው ቀረ። ከተመለስሁ በኋላ ክፉ ቢመጣስ?

ግሽ ዓባይ፦

እሱንም በመጀመሪያው ጉዞሽ ተነጋገሩበት፣ ሟርት አይሆንም። የእድራቸው ወርኃዊ መዋጮ ውዝፍ እንደሌለበት አረጋግጪ። ቀብር በዕለቱ ወይም በማግስቱ ነው፤ አውሮፕላኑ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ብቻ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚህ «እስክደርስ ጠብቁኝ» አትበያቸው። ለ40ው መድረስ ትችያለሽ። ፓስፖርትሽ፣ ካርድሽና የደረሰኝ ደብዳቤሽ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጡ፣ የትኬት ገንዘብ ለብቻው ይያዝ።

መርዶውን የሚያመጣውም ከወዲሁ ይታወቅ። ከባሕር ዳር አንድ ሰው ብቻ፣ እህትሽ ብትሆን፣ ወደ ባለቤትሽ ስልክ ትደውል፤ ወደ አንቺ አይደለም። እሱ በቅርብ ያሉ ዘመዶችና ጎረቤቶች ይዞ በማለዳ ይንገርሽ። ወንድሞችሽ ፌስቡክ ላይ ፎቶ እንዳይለጥፉ አስቀድመሽ አስምያቸው።