ነፋስ ሲነሳ ሉፑ ክብ አልሆን አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ የምጽፈው ከደሴ ነው። በሬሞት የምትበር፣ ለአየር ላይ ትርኢት የተሠራች የፎም አውሮፕላን አለችኝ። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.2 ሜትር ነው። ጠዋት አየሩ ረጋ ሲል ያዘዝኳትን ሁሉ ትሠራለች። ከሰዓት በኋላ የጦሳን ተራራ ታኮ ነፋስ ሲመጣ ግን ነገር ይበላሻል።

በጣም ያስቸገረኝ ሉፕ ነው፤ ማለትም ወደ ላይ ወጥታ፣ አናት ላይ ተገልብጣ፣ ተመልሳ የምትወርድበት የአየር ላይ ክብ። ነፋሱን ፊት ለፊት ይዤ እጀምራለሁ። አናት ላይ ስትገለበጥ ነፋሱ ከኋላዋ ይገፋታል፤ ስትወርድ ከጀመርኩበት ርቃ ነው የማገኛት። አናት ላይ ጋዝ ቀንሼ ኤሌቬተሩን (አፍንጫዋን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዞረውን የጭራ ክፍል) ጠበቅ፣ ታች ላይ ጋዝ ጨምሬ ላላ ሳደርግ ይሻለዋል። ግን አሁንም ክቡ እንደ እንቁላል ይረዝማል።

አንድ ጓደኛዬ ክብደት ጨምርባት ይለኛል። ከበድ ያለች አውሮፕላን ነፋስን እንደምትሰነጥቅ ይገባኛል። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባህር ጠለል ይልቅ 20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ክብደት ስጨምር የማረፊያ ፍጥነቷ ይጨምራል፣ የማሳርፍበት ሜዳ ደግሞ አጭር ነው። ኮምቦልቻ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ኤርፖርት ስላለ ግን እዚያ ማብረር አልፈልግም።

እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። ክብደት ልጨምር ወይስ ፕሮፔለሩን ልቀይር? ነፋሱ ከጎን ሲመጣስ በራደር (ወደ ግራና ቀኝ በሚያዞራት የጭራ መሪ) አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙሬ ሳሳርፍ፣ የማቃናት መሬት ልትነካ ስትል ነው ወይስ ቀደም ብዬ? ከፍታ ቦታ ላይ ያበረራችሁ ካላችሁ በተለይ የእናንተን ምክር እፈልጋለሁ።