ጣና ዳር የማነሳው ፎቶ፦ ነጩ ልብስ ሰማያዊ፣ ፊቱ አረንጓዴ፣ ሐይቁ ግራጫ

የባሕር ዳር ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ካሜራዬ የጀማሪ ዲኤስኤልአር ነው፤ ሌንሱ አብሮት የመጣው 18-55 ነው። በብዛት የማነሳው ሐይቁ ዳር ዛፍ ጥላ ሥር፣ የሀገር ልብስ የለበሱ ሙሽሮችንና ተመራቂዎችን ነው። ነጩ ቀሚስ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ፊታቸው ደግሞ አረንጓዴ ብጤ ይሆናል። ቀዩ ጥለት ድፍን ቀለም ሆኖ ክሩ አይለይም። ከኋላቸው ያለው ሐይቅ ግራጫ ነው። ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) ስጨምር ጭራሽ ባሰበት። የማነሳው ሙሉ አውቶ ላይ፣ በጄፔግ ነው። ካሜራውን ልቀይር ወይስ ሌንሱን?

ግራጫ ካርድ

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አትቀይር። ሳቹሬሽኑንም ወደ ዜሮ መልሰው፤ የተሳሳተ ቀለም ላይ ሳቹሬሽን መጨመር ስሕተቱን ማድመቅ ነው።

ጥላ ሥር ያለን ሰው ፀሐይ አታገኘውም፤ የሚያበራለት ሰማዩ ነው። ቀጥታ የፀሐይ ብርሃን 5200 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ገደማ ሲሆን ጥላው 7000 ይደርሳል፣ ማለትም ሰማያዊነቱ ይበዛል። ዓይን ይህን ራሱ ያርመዋል፣ የካሜራው አውቶ ግን ብዙ ጊዜ አጋማሽ ላይ ይቆማል። አረንጓዴው የሚመጣው በቅጠሉ መሃል ካለፈውና ከሣሩ ተንጸባርቆ ፊት ላይ ካረፈው ብርሃን ነው። ይሄኛውን ኬልቪን ብቻውን አያስተካክለውም፤ ኬልቪን የሚሠራው በሰማያዊና በብርቱካናማ መካከል ነው፣ አረንጓዴና ማጀንታ ሌላ መስመር ናቸው። ስለዚህ ዋይት ባላንስ (ነጩ ነጭ እንዲመስል የሚያርመው ሴቲንግ) ውስጥ "ሼድ" (ጥላ) የሚለውን ምልክት ብትመርጥ ቀሚሱ ይስተካከልና ፊቱ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል።

ሁለቱንም ባንዴ የሚያርመው ከስተም ዋይት ባላንስ፣ ማለትም ራስህ ለክተህ የምትሰጠው ነው። መጀመሪያ ከሙሉ አውቶ ወጥተህ የሞድ መዞሪያውን ፒ ወይም ኤቪ ላይ አድርግ፤ ሙሉ አውቶ ዋይት ባላንስ አያስነካህም። ግራጫ ካርዱን (ለቀለም መለኪያ የሚሆን ንጹሕ ግራጫ ሰሌዳ) ሙሽራዋ ፊት አጠገብ፣ ፊቷ በዞረበት አቅጣጫ አስይዛት። ካርዱ የምስሉን መሃል እስኪሞላ ተጠጋ፣ የራስህ ጥላ ግን አይረፍበት። አውቶ ፎከስ ባዶ ካርድ ላይ የሚይዘው ነገር ስለማያገኝ አላነሳም ሊልህ ይችላል፤ ሌንሱን ወደ ማኑዋል ፎከስ ገፋ አድርገህ አንሳ፣ ቢደበዝዝም ግድ የለም። ካሜራህ ካኖን ከሆነ ሜኑ ውስጥ ከስተም ዋይት ባላንስ ገብተህ ያንን ፎቶ ምረጥ፣ ከዚያ ወጥተህ ዋይት ባላንሱን ራሱን ወደ ከስተም ምልክቱ ቀይር። ይህችን የመጨረሻዋን የሚረሳ ሰው ነው "አልሠራልኝም" የሚለው። ኒኮን ላይ ፕሪሴት ማኑዋል ይባላል። ከዛፉ ወጥተህ ሜዳው ላይ ከቆምክ እንደገና ነው፤ የጥላው ልክ ለፀሐዩ አይሆንም።

በግራጫ ካርድ ፋንታ የፎቶኮፒ ወረቀት ይሠራል፣ ግን ወረቀቱ ውስጥ ማንጫ ኬሚካል ስላለ ሰማያዊ ያንጸባርቃልና ፎቶህ በመጠኑ ወደ ቢጫ ይሞቃል። በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነጠላም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ካረምክ በኋላም ነጩ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ቢቀር አታሳደው፤ ዳኛህ የሙሽራዋ ፊት ይሁን።

ጥለቱ ድፍን የሆነው ቀዩ ቻናል ሞልቶ ስለፈሰሰ ነው። ጀርባው ጨለማ ጥላ ሲሆን ካሜራው ብርሃን ይጨምራል፤ ነጭና ጥቁሩ ሂስቶግራም (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየው ግራፍ) ደህና ቢመስልም ቀዩ ብቻውን የቀኙን ጠርዝ መትቷል። ሂስቶግራሙን የሦስቱን ቀለም ለየብቻ እንዲያሳይ አድርገው፣ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ፎቶውን የሚያደምቀውና የሚያጠቁረው ሴቲንግ) በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ቀንስ፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው። ፒክቸር ስታይሉንም (ካሜራው ለጄፔጉ የሚሰጠው የቀለም አጨራረስ) ላንድስኬፕ ላይ ከሆነ ወደ ኒውትራል ወይም ፌይዝፉል አውርድ። ሮው (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል) እና ጄፔግ አብረህ ማንሳትም ጀምር፤ ጄፔግ ለያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው፣ ባለ 14 ቢት ሮው 16,384። ሮው ላይ ዋይት ባላንሱን በኋላም ያለ ጉዳት ትቀይረዋለህ።

ደንገል

ከላይ የተባለው ልክ ነው። ሐይቁን በተመለከተ ግን ካሜራው ላይዋሽ ይችላል። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ፣ ርብና ጉማራ አፈር ይዘው ይገባሉ፤ ውሃው ራሱ ቡናማ ነው። ሰማያዊ ሆኖ የምናየው የሰማዩ ነጸብራቅ ነው፣ ሰማዩ ከደመነ ሐይቁም ግራጫ ነው። እሱን በሴቲንግ ሰማያዊ ማድረግ ማቅለም ነው እንጂ ማስተካከል አይደለም።

ብዙዎች "ፖላራይዘር ግዛ" ይሉሃል፤ ሌንሱ ፊት ላይ የሚገጠም፣ ነጸብራቅ የሚቆርጥ ማጣሪያ መስታወት ነው። ግዛ፣ ግን ጣና ላይ የሚያደርገውን እወቅ፦ ነጸብራቁን ሲቆርጥ ያንኑ ሰማያዊ ቆርጦ ከሥሩ ያለውን ቡናማ ያወጣልሃል። ለዘንባባው ቅጠል፣ ለደንገሉና ለሰማዩ ግን ግሩም ነው። ቀለበቱን እያዞርክ ተመልከት፤ ሰማይ ላይ የሚበረታው ከፀሐይ በ90 ዲግሪ ስትቆም ነው። ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን ይበላል። ሌንሱ 18 ላይ ሲሆን ሰማዩ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ነጥቶ ይወጣል፤ ዙሙን ወደ 35 አስጠጋው። የምትገዛው ፖላራይዘር መጠን ሌንሱ ፊት ላይ፣ መስመር ያቋረጠው ክብ ምልክት አጠገብ ተጽፏል፤ የካኖን 18-55 አብዛኛውን ጊዜ 58 ሚሊሜትር ነው።

ከተማው ሐይቁ ደቡብ ዳር ስለሆነ ወደ ውሃው ስትዞር ፊትህ ወደ ሰሜን ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ፀሐይዋ ከጀርባህ ትሆናለች፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው፤ ሰማያዊ ጣና የምትፈልግ ከሆነ ያኔ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ደግሞ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። በየትኛውም ወር ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ፀሐዩ ላይ ፊት አታንሳ፤ ዓይን ሥር የሚወድቀውን ጥላ የትኛውም ሴቲንግ አያነሳውም።

የባሕር ዳር ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ የቀረችኝ፦ ካሜራው ላይ ደማቅ የሆነው ስልክ ላይ ሲሄድ ለምን ይሞታል? ደግሞ ዘጌ ሄጄ የቤተ ክርስቲያኑን የግድግዳ ሥዕል ላነሳ ነው።

ግራጫ ካርድ

ሜኑ ውስጥ ከለር ስፔስ (ፎቶው ቀለሙን የሚመዘግብበት ልክ) የሚለውን እይ። አዶቤ አርጂቢ ከሆነ ወደ ኤስአርጂቢ መልሰው፤ ብዙ አፕ አዶቤውን በትክክል ስለማያነበው ቀለሙ የታጠበ ይመስላል። የካሜራው ስክሪን ብርሃንም ጣሪያ ላይ ከሆነ መሃል ላይ አድርገው፣ ስልኩም ላይ የማታ ብርሃን ማጥሪያው እንደጠፋ አረጋግጥ። ማተሚያ ቤት ከመስጠትህ በፊት አንድ 10 በ15 አሳትመህ ከልብሱ ጋር አስተያይ።

ለሥዕሉ መጀመሪያ አስፈቅድ፣ ፍላሽ አጥፋ። ከበሩ የሚገባው የቀን ብርሃንና የውስጡ አምፖል ከተቀላቀሉ የትኛውም ዋይት ባላንስ ሁለቱን ባንዴ አያርምም፤ በሩ ከተከፈተ አምፖሉ ይጥፋ፣ የግራጫ ካርዱንም ፎቶ ግድግዳው ሥር አድርገህ አንሳ። አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600፣ ሌንሱ 18 ላይ ኤፍ 3.5 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ ክርንህን ምሰሶ ላይ አስደግፍ።