የኢጂፒ ጨረታ፦ የይለፍ ቃሌን ለአማካሪ ልስጥ ወይስ ራሴ ልሙላ?

ጥያቄ (ባለሱቋ፣ ሐዋሳ ፒያሳ)
ሰላም ለሁላችሁ። የጽሕፈት መሣሪያና የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ አለኝ። እስከ ዛሬ ሰነዱን በእጅ ገዝቼ፣ ሞልቼ፣ በፖስታ አሽጌ ሳጥን ውስጥ ነበር የማስገባው። አሁን አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ጨረታውን በመንግሥት ኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት፣ በኢጂፒ ብቻ ነው የምቀበለው ብሏል። አንድ አማካሪ ደግሞ «በኔ ስልክና ኢሜይል ላስመዝግብሽ፣ የይለፍ ቃሉም እኔ ጋ ይሁን፣ ስታሸንፊ ፐርሰንት ትሰጪኛለሽ» አለኝ። ኮምፒውተር እችላለሁ። የሚያስጨንቀኝ በአንድ ወረቀት ጉድለት መውደቅ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (የግዥ ባለሙያ)
እህቴ፣ የይለፍ ቃልሽን ለማንም አትስጪ። በአካውንትሽ የገባ ዋጋ ያንቺ ዋጋ ነው። በኋላ «ሌላ ሰው ነው የሞላው» ማለት አያዋጣም። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት አንድ ሰነድ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አያጣም።

ከዚህ የሚብሰው ሌላው ነው። ይሄ ሰው ለሌሎች ሱቆችም ይሞላ ይሆናል። ዋጋ እስከ መክፈቻው ሰዓት ተዘግቶ የሚቆየው ተፎካካሪ እንዳያየው ነው። የአምስት ተጫራች የይለፍ ቃል አንድ ሰው እጅ ከገባ መዘጋቱ ምን ሊጠቅም? ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል፤ ሐቀኛውን ነጋዴ ነው የሚጎዳው።

ምዝገባው ከባድ አይደለም። ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) እና የንግድ ፈቃድ ያስፈልግሻል። ፈቃድሽ መታደሱን፣ የንግድ ዘርፉም ከምታቀርቢው ዕቃ ጋር መግጠሙን አሁኑኑ እዪ። ፈቃድሽ ለጽሕፈት መሣሪያ ብቻ ከሆነና ጨረታው ኮምፒውተር ከሆነ፣ መጀመሪያ ዘርፉን አስጨምሪ።

መልስ (ከአቶቴ)
እኔ ትንሽ እለያለሁ። አማካሪ ሁሉ መጥፎ አይደለም። እኔም አሠራለሁ። ግን ክፍያው በፐርሰንት ሳይሆን ለሥራው የተቆረጠ ነው፣ ውልም አለን። አካውንቱ በኔ ስልክና ኢሜይል ነው። እሱ ሰነዱን ያዘጋጃል፣ ዋጋውን ሞልቼ የምልከው እኔ ነኝ። እንዲህ ከተስማማ አሠሪው፤ እምቢ ካለ ተይው።

መልስ (የሒሳብ ሠራተኛ)
ስለ ዋጋ አንድ ነገር ልጨምር። ሰነዱ ዋጋ የሚጠይቀው ከቫት በፊት ነው ወይስ ቫትን ጨምሮ? ቫት 15 በመቶ ነው። 400,000 ብር ያልሽው ከቫት በፊት ከሆነ፣ ከቫት ጋር 460,000 ይሆናል። ቫትን ጨምሮ በሚለው ቦታ 400,000 ብለሽ ከሞላሽ ግን ቫቱ ከራስሽ ኪስ ይወጣል፤ ትርፍሽም አብሮ ይሄዳል። የግብር ክሊራንሱንም፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለብሽ የሚያሳየውን ማስረጃ፣ ቀደም ብለሽ አውጪ። መጨረሻ ቀን ላይ ሰልፉ አያስገባም።

መልስ (አንድ አባት፣ ታቦር አካባቢ)
የኔ ልጅ፣ ሰዓቱን ልብ በይ። 4፡00 የሚለው በኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ አረጋግጪ። ቀኑንም እንዲሁ። ድሮ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ «አንድ ደቂቃ» ማለት ይቻል ነበር። ሲስተም አይለመንም። መብራትና ኔትወርክም አለ፤ ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ላኪ። ለጨረታ ማስከበሪያው ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ወይም የባንክ ዋስትና ባንክ ቀድመሽ ጠይቂ። ሰነዱ ኦሪጅናሉን በአካል አምጡ የሚል ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ ያለው አዲስ አበባ ቢሆን ከዚህ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ አስቢበት።

ባለሱቋ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አካውንቱን በራሴ ስልክ አስመዘግባለሁ። ለአማካሪውም ሰነድ ብቻ እንዲያዘጋጅ፣ በቁርጥ ዋጋ እነግረዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ በዝርዝሩ ውስጥ የፕሪንተር ቀለም አለ፣ ለየትኛው ሞዴል እንደሆነ ግን አልተጻፈም። በግምት ልሙላ?

መልስ (የግዥ ባለሙያ)
በጭራሽ አትገምቺ። የማብራሪያ መጠየቂያ ቀነ ገደቡ ሰነዱ ላይ አለ። ሳያልፍ በሲስተሙ ጠይቂ። መልሱ ስምሽ ሳይጠቀስ ለሁሉም ተጫራቾች ይደርሳል። ስልክ ደውለሽ የምታውቂውን ሠራተኛ እንዳትጠይቂ፤ የቃል መልስ በግምገማ ጊዜ አይረዳሽም።