በጣና ዳር ለሚታደስ ሰፈር እግረኛን ያስቀደመ ንድፍ

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ከሐይቁ አጠገብ ለሚገኝ አሮጌ ሰፈር የመልሶ ማልማት ፕላን እያዘጋጀን ነው። እግረኛውን ለማስቀደም ከመንገዱ ስፋት እንጀምር ወይስ ከሐይቁ መዳረሻ?

መልስ፦ ከመዳረሻው ጀምሩ። ዳርቻው በአጥር ተዘግቶ እንዳይቀር፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውሃው የሚወርዱ መተላለፊያዎችን በየ100 ሜትሩ ገደማ ብታስቀምጡ መልካም ነው፤ ረጅም ብሎክ (መተላለፊያ የማይቆርጠው የሕንፃዎች ረድፍ) እግረኛን ያሰለቻል። የጣና አካባቢ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ (ተፈጥሮና የሰው ኑሮ አብረው የሚጠበቁባቸው ቦታዎች ዝርዝር) የሰፈረ በመሆኑ፣ ደንገል የበቀለበትን ዳርቻ በአፈር ሞልታችሁ ንጣፍ አታንጥፉ።

መልስ፦ ጥላውንም አስቡበት። ዘንባባ ያምራል እንጂ የመጋቢትን ፀሐይ አይመክትም፤ ሾላ ይሻላል፣ ሥሩ ግን ሰፊ አፈር ካላገኘ ንጣፉን ያነሣዋል።

መልስ፦ ለባጃጅ መቆሚያ፣ ለጀበና ቡና ሻጮችም ቦታ ካልተለየላቸው፣ የምትሠሩት የእግረኛ መንገድ በእነርሱ ተይዞ እግረኛው አስፋልት ላይ ይወርዳል።