ጁሞ 004፦ ድንቅ ሞተር ወይስ የጭንቅ ሞተር?

አወያይ፦ ትናንት መምህር «በ1944 እ.ኤ.አ. የጀርመን ጄት ሞተር ከእንግሊዙ በሁሉም ነገር ይበልጥ ነበር» ብለው ጽፈዋል። ክርክሩ እዚህ ይቀጥል።

ቴክኒሻኑ፦ መምህር፣ «በሁሉም ነገር» ያሉት ከብዶኛል። የጀርመኑ ጄት ተዋጊ አውሮፕላን የሜሰርሽሚት 262 ሞተር፣ ጁሞ 004፣ ከ10 እስከ 25 ሰዓት ሠርቶ ይወርድ ነበር። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ደርሶ ለመመለስ እንኳ አይበቃም! የእንግሊዙ ጄት ተዋጊ ሚትዮር ላይ የተገጠመው ዌላንድ ሞተር እስከ ጥገናው 180 ሰዓት ይሠራ ነበር።

መምህር፦ ልጄ፣ ሰዓቱን ብቻ አትቁጠር። ጀርመን ሙቀት ለሚችል ብረት የሚያስፈልጉት ኒኬልም ኮባልትም አጥሯት ነበር። የጁሞ ንድፍ አውጪ አንሰልም ፍራንዝ የቃጠሎ ክፍሉን አሉሚኒየም ከተቀባ ተራ ብረት ሠራው፤ ኋላም የተርባይኑን (ትኩሱ ጋዝ የሚያሽከረክረውን ክፍል) ብሌዶች፣ ማለትም ክንፎች፣ ውስጣቸውን ክፍት አድርጎ ማቀዝቀዣ አየር አሳለፈባቸው። ዌላንድ አየሩን በአንድ ሰፊ መዘውር ወደ ዳር እየወረወረ ያምቀዋል፤ ጁሞ ግን በስምንት ረድፍ ብሌዶች እያመቀ በቀጥታ ወደ ኋላ ይሰደዋል። አንተ ዛሬ የምትጠግናቸው ትልልቅ ሞተሮች የማንን መንገድ ተከተሉ? የጁሞ ግፊትም 900 ኪሎ ገደማ ነው፤ የዌላንድ 725 ብቻ።

ቴክኒሻኑ፦ መንገዱን አልካድኩም። ነገር ግን እኔ ብሌድ ጫፍ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ባይ ሞተሩን አላሳልፍም፤ የሜሰርሽሚቱ አብራሪ ደግሞ የነዳጅ መስጫውን ትንሽ ፈጠን አድርጎ ከገፋ ሞተሩ ይጠፋበታል ወይም ይቃጠልበታል። ለማረፍ ፍጥነቱን ከቀነሰ በኋላ ቶሎ ማምለጥ አይችልም። የአሜሪካ ተዋጊዎች አየር ማረፊያው አጠገብ የሚያደቡት ይህን አውቀው ነው። 

አንዲት አባል፦ ሁለታችሁም ብረቱን ብቻ ትመዝናላችሁ። ጁሞ በጀርመኗ ከተማ በኖርድሃውዘን አቅራቢያ ባሉ ዋሻዎች ውስጥም ይመረት ነበር፤ የሚሠሩትም የግዳጅ ሠራተኞች ነበሩ። ጁሞ «ርካሽና ቶሎ የሚመረት» ነው ሲባል ዋጋውን ማን ከፍሎበት ነው?

መምህር፦ እውነት ነው እህቴ፤ ይህን እኔ ቀድሜ ማንሳት ነበረብኝ። ቢሆንም እንግሊዞቹም አይመጻደቁ፤ የእንግሊዛዊውን የጄት ሞተር ፈልሳፊ የፍራንክ ዊትልን ፓተንት ለማደስ የአየር ሚኒስቴሩ 5 ፓውንድ አልከፍልም ብሎ ፓተንቱ በ1935 እ.ኤ.አ. ወደቀ።

ቴክኒሻኑ፦ በአምስቱ ፓውንድ እንስማማለን፣ መምህር። «በሁሉም ነገር» የሚለውንስ ያነሡታል?

መምህር፦ «በንድፉ» ብለህ አርመው።